ስለ ኢንቨርተሩና ስለ አባባ እጆች

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ለእታለም፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ከልብስ ማጠቢያው እንፋሎት የያዘሽ ሳል ለቀቀሽ ወይስ እንደ ክፉ ተከራይ አልወጣም ብሎ ተቀምጧል? ቆመሽ በምትውይባቸው ቀናት እግርሽ ያብጥ ነበር፤ አሁንስ ጎደለልሽ? የክፍልሽ መስኮት አልዘጋ ብሎ ብርድ ያስገባል ብለሽ ነበር፤ አሠሩልሽ? እኔ እዚያ ብሆን በአንድ ቁራጭ እንጨትና በሁለት ምስማር ዝም አሰኘው ነበር። ምግብሽን በሰዓቱ ብዪ። እማዬ ያንን የመጨረሻውን ፎቶሽን እያየች "ከስታለች" ትላለች፤ እኔ ፎቶው ነው እንጂ አልከሳችም እላታለሁ። እውነቱን የምታውቂው አንቺ ነሽ።

እኛ ሁላችን ደህና ነን። ይህንን ስጽፍ ግን ብዕሬ ትንሽ ተደናቀፈ። በስልክ ብትጠይቂኝ ሳልደናቀፍ እለው ነበር። ስልኩን ታውቂዋለሽ፤ ጠረጴዛው መሃል ይቀመጥና ድምፁ ይለቀቃል፣ አባባ በአንድ በኩል፣ እማዬ በሌላው፣ ትንሿ እህታችን ደግሞ ከበላያችን ተንጠልጥላ ሁላችንም እኩል እንጮኻለን። እዚያ መሃል የሆድን ማውጣት አይቻልም። የዳቦ ቤቷ ልጅ ወደ እናንተ ዘንድ ልትመጣ ነው ሲባል ስሰማ ነው ወረቀት የፈለግሁት። እባክሽ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

እታለም፣ ፓምፑ አይሠራም። ዛሬ ተበላሽቶ አይደለም፣ ሠርቶም አያውቅም። በደወልሽ ቁጥር እማዬ "ውሃው እንደ ልብ ነው፣ ችግኙም ጠግቦ ያድራል" የምትልሽ አንቺ እንዳታዝኚ ብላ ነው። ስንት ቀን ቆመሽ ውለሽ የላክሽልን የፀሐይ ፓኔል ጣሪያ ላይ፣ ባትሪዎቹ ጓዳ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ውሃውን ግን ዛሬም የሚያወጣው ገመድና ክንድ ነው። ወደ እንጨት ቤቱ ከመሄዴ በፊት አንዱን በርሜል ሞልቼ እሄዳለሁ። በዚህ ደረቅ ወቅት ችግኙ ሁለት በርሜል ይጠጣል። ሁለተኛውን የምትሞላው እማዬ ናት። አትሙዪ እላታለሁ፣ እሺ ትለኛለች፣ ስመለስ ትከሻዋን በሌላ እጇ ደግፋ አገኛታለሁ።

ከሥሩ ልንገርሽ። ፓኔሉ ተሰቅሎ፣ ባትሪዎቹ ተደርድረው፣ የቀረን ኢንቨርተር ብቻ ሲሆን የትኛው ይገዛ የሚል ክርክር ቤታችን ገባ። ያለ እሱ የባትሪውን ኃይል ፓምፑ አይረዳውም፤ በሁለቱ መሃል እንደ አስተርጓሚ ነው። አንቺ መሥሪያ ቤትሽ ያለውን የማሽን ጠጋኝ ጠይቀሽ በስልክ ያስጻፍሽኝን ወረቀት እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። ፊቱ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ፣ ሳያቋርጥ ስንት ዋት እንደሚሸከም ጠይቁ ብለሽ ነበር። ፓምፕ ሞተር ስለሆነ ለመነሳት ከሚሠራበት ሦስት እጥፍ ይስባል፣ የእኛ ሰባት መቶ ሃምሳ ዋት ከሆነ ለአንድ አፍታ ከሁለት ሺህ በላይ የሚችል ይሁን ብለሽ ነበር። የሚያወጣው ሞገድ ንጹህ የሚባለው ይሁን፣ አለዚያ ሞተሩ እያቃሰተ ይግላል፤ ከሃያ አራት ቮልቱ ባትሪያችንም ጋር ይስማማ። ሁሉንም ጽፌዋለሁ፣ ከሥሩም አስምሬበታለሁ።

ወረቀቱን ለአባባ ሳነብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ስጨርስ "ያ ጠጋኝ መልካም ሰው ይሆናል፤ ግን ቁጥር ማንም ይጽፋል፣ ክብደት ነው የማይዋሸው" አሉ። ሰፈሩ ጋሽ ሚዛን ያላቸው በከንቱ አይደለም። ሬዲዮ ሲጠግኑ በኖሩባቸው አርባ ዓመታት ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው መዳፍ ላይ ያስቀምጥ ነበር፤ አንዴ ከፍ ዝቅ አድርገው "ይሄ አንጀት አለው" ወይም "ይሄ ቆርቆሮ ነው" ይሉታል፣ አበቃ። በእሳቸው ዘመን ደግሞ እውነት ነበር። የኢንቨርተር ሆዱ ትራንስፎርመር ነው፣ ትራንስፎርመር ብረትና መዳብ ነው፤ በብረትና በመዳቡ የሰሰተ ነጋዴ ዕቃው ቅል ይሆንበታል። ስለዚህ "ሂድ፣ ሁለት ሦስቱን አንሳ፣ ከባዱን ይዘህ ና" ብለው ላኩኝ።

ከተማ ገብቼ የኤሌክትሪክ ሱቆቹ መደዳ ላይ አንዱ ጋ ቆምኩ። ባለ ሱቁ ሁለት አወረደልኝ። አንዱ ትንሽ፣ በአንድ እጅ የሚነሳ፣ ሁለት ሺህ ዋት የሚል። ሌላው ትልቅ፣ ሦስት ሺህ የሚል፣ ስሸከመው ጉልበቴ የታጠፈ። ከጀርባ አንዲት ጠጋኝ ቁጭ ብላ ትበይዳለች፤ ባለ ሱቁ ስልክ ሊያነሳ ወጣ ሲል ቀና ብላ "ወንድሜ፣ ቀላሉን ውሰድ። በክብደት የሚለካው የድሮው ነው፣ የዘንድሮዎቹ ደህናዎቹ ቀለዋል" አለችኝ። እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? ሳቅሁባት። "የእኔን አባት አታውቂያቸውም" አልኳት። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ለእኔ ነው። ያንቺ ወረቀት ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ እንኳ አላየሁትም።

ከዚህ በታች ያለውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ካርቶኑን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ነበር። መንገዱ በተንገጫገጨ ቁጥር ከውስጡ "ጓ" የሚል ነገር ሰማሁ። አንዴ ሰማሁ፣ ሁለቴ ሰማሁ። ብሎን ላልቶ ይሆናል አልኩ። ብሎን እንደዚያ እንደማይል አናጢ የሆንኩት ሰውዬ ጠፍቶኝ አይደለም። ደክሞኝ ነበር፣ መመለስ አልፈለግሁም፣ አባባ ደግሞ ከባዱን እየጠበቁ ነበር። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ "ልጄ፣ ምን ይዘህ ነው?" ሲሉኝ "መብራት" አልኳቸው አፌን ሞልቼ።

አባባ ሲቀበሉኝ መዳፋቸው ላይ አድርገው አንድ ጊዜ ብቻ ከፍ አደረጉት። ፊታቸው በራ። በማግስቱ ጠዋት ጓዳ ገብተው ሽቦውን ማሰር ጀመሩ። የግራ ዓይናቸው ካለፈው ዓመት ወዲህ እንደ ጭጋግ የሆነ ነገር ሸፍኖታል፤ ይህንን እንዳትሰሚ ያሉት እሳቸው ናቸው፣ እኔ ግን ዛሬ ከነገርኩሽ ሁሉንም ልንገርሽ። ቀይና ጥቁሩን እኔ ልለይልዎት ስላቸው "አርባ ዓመት ያሰርኩትን ሽቦ አንተ ልታሳየኝ ነው?" አሉኝ። እኔም ቱቦውን ልይዝ ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ። እማዬ ከበርሜሉ አጠገብ ቆማ ነበር፣ ትንሿ ደግሞ ለአንቺ የሚላክ ቪዲዮ ልታነሳ ስልኳን ደግናለች።

አባባ ማብሪያውን ሲጫኑ ፓምፑ ከታች አንዴ "እህ" አለ፣ ሸክም ሊያነሳ ያጎነበሰ ሰው እንደሚለው። ከዚያ ዝም አለ። ከጓዳው የተቃጠለ ሽታ መጣ። ሮጬ ስገባ አባባ ሽቦዎቹን ሁሉ ፈትተው አንዱን ወደ ደህናው ዓይናቸው አስጠግተው ያያሉ። "ገልብጬዋለሁ" አሉ። "ቀዩን በጥቁሩ፣ ጥቁሩን በቀዩ። አቃጠልኩት። የልጄን ላብ አቃጠልኩት።" ሽቦው ከተፈታ በኋላ ስለደረስኩ እንዴት እንደታሰረ አላየሁም፤ አይደለም ልላቸው አልቻልኩም። እማዬ ዕቃ ነው፣ ይተካል ብትላቸው አልሰሟትም። ወጥተው በረንዳው ላይ ተቀመጡና እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ሲያዩአቸው ዋሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሰው ሆነዋል። ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውን፣ መበየጃውን በአሮጌ ፎጣ ጠቅልለው አልጋ ሥር አስገቡ። ጎረቤት ሬዲዮ ይዞ ሲመጣ "እጄ ሄዷል" ብለው ይመልሱታል። ሻይ ሲቀዳላቸው ብርጭቆውን ትንሿ እንድታስጨብጣቸው ይጠብቃሉ፣ እሳቸው የመርፌ ቀዳዳ የማያመልጣቸው ሰውዬ። ሰው ሲጨብጣቸው እጃቸውን ቶሎ ይሰበስባሉ። አንጀቴን ይበሉታል እታለም። አንቺ ስትደውዪ ድምፃቸው ከፍ የሚለው ለአንቺ ብለው ነው፤ ስልኩ ሲዘጋ አንድ ቃል ሳይጨምሩ ይነሳሉ።

በሳምንቱ የተቃጠለውን ዕቃ እንጨት ቤት ወስጄ በምሳ ሰዓት፣ ሰው በሌለበት፣ ከፈትኩት። እዚህ ላይ ቁጭ በዪ። ሆዱ ውስጥ ትራንስፎርመር የሚባል ነገር የለም። የእጅ መዳፍ የምታህል ስስ ሰሌዳ አለች፣ ከጎኗ ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለለ ድቡልቡል ነገር። ላስቲኩን ስቀደው ሲሚንቶ ነው። የመጠጫ ኩባያ ውስጥ አፍስሰው ያደረቁት፣ የኩባያው ሥር ያለው ክብ ቅርጽ እንኳ ሳይጠፋ ታትሞበታል። ማጣበቂያው ለቆ ስለነበር ነው አውቶቡስ ውስጥ ጓ ጓ ሲለኝ የመጣው። የአባባን ዓይነት ሰው እንደሚያነሳው አውቀው፣ ለእሱ ብለው ነው የሠሩት። መጋዝ በምይዝበት እጄ አፌን ያዝኩ።

ቅዳሜ ይዤው ወደ ሱቁ ሄድኩ። ባለ ሱቁ ገና ከሩቅ አይቶ "ማሸጊያው ተነስቷል፣ ዋስትና የለውም" አለና ፊቱን አዞረ። ከፍተህ ካላየህ አታውቅም፣ ከከፈትክ ደግሞ አይመለከተንም፤ እንዲህ ያለ ዋስትና። ጠጋኟ ግን ወደ ጓሮ ጠርታ ሰሌዳዋን በማጉያ አየችልኝ። ነግሬህ ነበር አላለችኝም፤ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ፊውዝ አሳየችኝና "ሽቦው ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምትቃጠለው ይህቺ ናት። ይኸው ደህና ናት። ያሰረው ሰው በትክክል ነው ያሰረው። የተቃጠለው ኃይል ማውጫው ነው፣ አምስት መቶ ዋት የማይችል ዕቃ ላይ ሞተር ስለተጫነበት" አለችኝ።

የአባባ እጅ ልክ ነበር ማለት ነው። ይህንን ይዤ እየሮጥኩ መምጣት አልነበረብኝም? በራችን ላይ ስደርስ አፌ ተያዘ። ሽቦው ልክ ነበር ካልኳቸው ክብደቱ እንዳታለላቸው ልነግራቸው ነው፤ አርባ ዓመት የኖሩበትን ነገር ነው የማፈርሰው። ለእሳቸው ብዬ ነው የተውኩት አልኩ ለራሴ። ቀን በቀን ላይ ሲደራረብ ግን ሌላ ነገርም አየሁ። ብነግራቸው ከሱቁ ስትወጣ ምንም አልሰማህም ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ጠጋኟ መክራኝ ነበር፣ ያንቺ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ዕቃው ራሱ ጉልበቴ ላይ እየጮኸ ነበር። እሳቸውን ደብቄ የሸሸግሁት ራሴን ነው እታለም። የሲሚንቶውን ጓል በመሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ፣ ከመላጊያው ሥር አድርጌ በየቀኑ ይዤው እሄዳለሁ፣ ይዤው እመለሳለሁ። ወር ሊሞላኝ ነው።

አሁን ደግሞ ጤና ጣቢያው ፓኔል ተሰጥቶት ለክትባት ማቀዝቀዣው የሚሆን ኢንቨርተር አባባ እንዲመርጡላቸው ሲስተር በእማዬ በኩል ልካ ነበር። አባባ በአንድ ቃል አይሆንም ብለዋል። ልንገራቸው ወይስ እንደ ፈሰሰ ውሃ ልተወው? አንቺ የሚሰማሽ ልብ አላቸው፣ አንቺው ምከሪኝ።

እታለም፣ ከዚህ በላይ ያለውን የጻፍኩት ያለፈው እሑድ ነበር። የዳቦ ቤቷ ልጅ ጉዞዋ በሳምንት ተገፋና ወረቀቱ ከእኔው ዘንድ ቀረ። ምክርሽን የምጠብቅበት ጊዜ ግን አልተሰጠኝም። ከላይ ያለውን አልቀድም ብዬ ነው፤ የነበርኩበትን እንድታዪው።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ ሲስተር ራሷ እቤት መጥታ በረንዳው ላይ ከአባባ ጋር ተቀምጣለች። ረቡዕ የጤና ጣቢያው መኪና ከተማ ስለሚሄድ በዚያ ካልገዙ ሌላ መኪና የሚገኘው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አታውቅም። ክትባቱን አሁን በበረዶ ሳጥን እያመላለሱ ነው፤ በመንገድ ሞቆ የተጣለም አለ። "ጋሽ ሚዛን፣ እርስዎ ካልመረጡልን ማን ይመርጥልናል?" ትላቸዋለች። አባባ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ "ልጄ፣ እኔ ቀይና ጥቁር የማልለይ ሰው ሆኛለሁ። የራሴን ልጅ ዕቃ በእጄ አቃጥያለሁ። እኔን ተዪኝ" አሉ። እኔ የመሣሪያ ሳጥኔን እንደያዝኩ ቆምኩ። ከዚያ አባባ "ብቻ አንድ ምክር ልስጥሽ፣ ስትገዢ አንሺው። ከባዱን ምረጪ፣ ክብደት አይዋሽም" አሏት። ሲስተር ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ "ከባዱን" ብላ ጻፈች።

ያንን ቃል በጽሑፍ አየሁት። የኛ በርሜል ቢጎድል ክንድ አለ፤ ማቀዝቀዣው ቢቆም ግን የሰፈሩ ሕፃናት መርፌ ነው የሚበላሸው። ሳልቀመጥ ሳጥኔን ከፍቼ፣ መላጊያውን አንስቼ፣ ያንን ጓል አባባ እግር አጠገብ አስቀመጥኩት። ድምፁን ሰምተው "ምንድን ነው?" አሉ። "የእኛ ኢንቨርተር ሆድ ውስጥ የነበረው ነው አባባ" አልኳቸው። እንግዳ ፊት መሆኑ የታወሰኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው።

አነሱት። እንደ ልማዳቸው ከፍ ዝቅ ሊያደርጉት ጀመሩና መሃል ላይ ተዉት። በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው አቧራውን በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ የኩባያው ክብ ላይ አውራ ጣታቸውን አዞሩበት። ስለ ክብደቱ የሚሉትን እየጠበቅሁ ተሳቀቅሁ፤ እሳቸው ግን የጠየቁኝ ሌላ ነው። "ሽቦዎቹስ?" አሉኝ። "ልክ ነበሩ። ቀዩ በቀዩ፣ ጥቁሩ በጥቁሩ። ፊውዟ ደህና ናት፣ የምታውቅ ሰው አይታዋለች" አልኳቸው። "እጄ ልክ ነበር?" አሉኝ እንደገና፣ ቀስ ብለው። "ልክ ነበር አባባ።" እማዬ በሩ ላይ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች።

ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን "መቼ ከፈትከው?" አሉ። ልዋሽ እችል ነበር፤ ትናንት ብል ማን ያውቃል? አልዋሸሁም፣ "ወር ሊሆነው ነው" አልኳቸው። ጓሉን በቀስታ መሬት አስቀመጡት። "ሲሚንቶውን የከተተው ሰው አያውቀኝም። ልቡን ንግድ ወስዶበታል፣ አልፈርድበትም። አንተ ግን ወር ሙሉ እኔ ከገዛ እጄ ጋር ተጣልቼ ስውል ስታየኝ፣ ዳቦዬን እየበላህ ዝም አልከኝ?" አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ሲስተር ደብተሯን አጥፋ መሬት መሬት ታያለች። አውቶቡስ ውስጥ የሰማሁትንም፣ ጠጋኟ የመከረችኝንም፣ ያንቺን ወረቀት አለማየቴንም ሁሉንም ዘከዘክሁት። እየሰሙኝ ይሁን አይሁን እንጃ። ስጨርስ ወደ እማዬ ዞረው "የልጅቱን ወረቀት ተቀበዪውና አንብቢልኝ" አሉ። ከእኔ እጅ እንኳ አልወሰዱትም።

እማዬ ሦስት ጊዜ አነበበችላቸው። ቁጥር ላይ እየተንተባተበች፣ "ንጹህ ሞገድ" የሚለውን "ንጹህ ሞግዚት" እያለች፣ ሌላ ቀን ቢሆን ስንሳለቅባት እናመሽ ነበር። ከዚያ አባባ ከአልጋቸው ሥር ፎጣውን ጎትተው አወጡ። የመሣሪያዎቹ ድምፅ ሲንኳኳ ስሰማ ወደ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ለይቼ ልነግርሽ አልችልም፤ ደስታም ነበረበት።

የረቡዕን የነገረችኝ ሲስተር ናት። አባባ መኪናው ውስጥ የገቡት የኛን ፓምፕ ተሸክመው ነው! ሹፌሩ "ጋሽ ሚዛን፣ ውሃ ልንቀዳ ነው እንዴ የምንሄደው?" ሲላቸው "አዎ፣ ሱቅ ደጃፍ ላይ" አሉት። ደርሰው ሽያጭ ሳይጀመር ባልዲ በውሃ አስሞሉ፣ ፓምፑን ነከሩና "ይህንን አስነስቶ ሩብ ሰዓት ያቆየውን እገዛለሁ፣ ክዳኑንም ትከፍቱልኛላችሁ" አሉ። ማቀዝቀዣው ከፓምፑ ያነሰ ነው የሚስበው፣ ይህንን የቻለ ያንን ይችላል ማለታቸው ነው። ሁለት ሱቆች አንከፍትም ብለው መለሷቸው። በኋላ ያቺ ጠጋኝ ከጎን የራሷን ሱቅ ከፍታ ኖሮ እሷ ጋ ገቡ። ሽቦ ማሰሩ ላይ ሲደርሱ "ቀለሙን አንቺ ንገሪኝ፣ ማሰሩን እኔ አስራለሁ" አሏት። ለእኔ ያልፈቀዱትን ለእሷ ፈቀዱ፤ አልቀናሁም ብል ውሸት ነው። ሦስተኛው ላይ ፓምፑ ሳያቃስት ተነስቶ መንገደኛውን ሁሉ አረጠበው። በአንድ እጅ የሚነሳው ነበር። አባባ መዳፋቸው ላይ አድርገውት "ጉድ ነው" ብለው ስቀዋል አለች ሲስተር። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የሳቁት፣ እኔ አላየሁትም።

ትናንት ማቀዝቀዣው ተነሳ። ሲስተር ወደ እንጨት ቤቱ የመጣችውም ለኢንቨርተሩ መደርደሪያ ልታዝ ነው፤ ስለሚግል አየር ያግኝ፣ ከመሬት ከፍ ይበል፣ ከባትሪው ጎን እንጂ ከላዩ አይሁን የሚል መመሪያ ይዛ። ማን ነው ያለሽ ስላት "አባትህ፣ ለእንጨት ቤቱ እዘዢ አሉኝ" አለችኝ። ለልጄ አላሉም፣ ለእንጨት ቤቱ። ከሰኞ ወዲህ አንድ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ጠረጴዛ ላይ ጨው ስፈልግ በእማዬ በኩል ይመጣል፤ ካቻቢቴ ሲፈልጉ እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ ጓሮ ያለችውን ትንሿን ይጠራሉ። መደርደሪያውን ያለኝን ደህና እንጨት መርጬ ሠራሁት፣ ጠርዙን ሁለቴ ላግሁት። ሲሰቅሉት እጃቸውን እንዳይቧጭራቸው ብዬ ነው።

ለእኛ ቤት የሚሆነውን አሁን እንዳትልኪ። አባባ ለእማዬ እንደነገሯት ያቺ ጠጋኝ ጋ በሳምንት ሁለት ቀን እየጠገኑ ሊውሉ ተስማምተዋል፣ የእኛን ኢንቨርተር ዋጋ በዚያ እናወጣዋለን ብለዋል። እስከዚያ ሁለተኛውን በርሜልም ጠዋት ቀድሜ እየተነሳሁ እሞላዋለሁ፤ ከሰኞ ወዲህ እማዬ ገመዱን አልነካችም። ስትደውዪ እንደማታውቂ አትሁኚ። ፓምፑ እንዴት ነው ብለሽ ደግመሽ ጠይቂ፣ እውነቱን ይንገሩሽ፤ እማዬም መዋሸቱ ከብዷታል። እኔንና አባባን ግን ልታስታርቂን አትሞክሪ። በስልክ፣ በሰው መሃል ተለምነው እሺ ቢሉ እሺታቸው ለአንቺ እንጂ ለእኔ አይሆንም።

እማዬ ትከሻዬ ተሽሎኛል በላት፣ የላክሁላትን ሹራብ ደግሞ ከውስጥ ትልበሰው ብላለች። ትንሿ ሁለቱን ጉንጮችሽን ትስማለች፣ ያንን የፓምፕ ቪዲዮ እስካሁን ባለመላኳ ይቅርታ ትላለች። ክፍል ለምትጋሪያት ጓደኛሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለዚያ ማሽን ጠጋኝም ወረቀቱ በመጨረሻ እንደተነበበ ንገሪው። እኔ እንደ ሁልጊዜው እናፍቅሻለሁ።

አባባ ሰላምታቸውን እዚህ ላይ እንድጽፍ አልፈለጉም። ለእማዬ "የእኔን ቃል እሱ አይጻፍልኝ፣ የፈለገውን ያስቀራል" አሏት፣ እሷም እያለቀሰች ነገረችኝ። ደህናውን ዓይናቸውን ወረቀቱ ላይ ደፍተው ራሳቸው ሲጽፉ አመሹ፣ አጥፈው፣ ሽቦ በሚጠቀልሉበት ጥቁር ፕላስተር ዙሪያውን አሽገው በትንሿ እጅ ላኩልኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አብሬ አድርጌዋለሁ። አልከፈትኩትም። ስለ እኔ የተጻፈ ነገር ካለበት፣ ክፉም ቢሆን፣ ሳትቀንሺ ንገሪኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከበረንዳችን ላይ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት 20 ቀን